ግቢያችሁ የት ድረስ ነው? ካቡንም ወረቀቱንም እንዴት እንደምታስተካክሉ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ቤቱም ድንጋይ አጥሩም የድንጋይ ካብ ነው። ካቡ ደሞ ከብት መከልከያ ብቻ አይደለም። የወንጀል ህጉ አንቀጽ 604 ያለፈቃድ ሰው ቤት መግባትን ሲከለክል ከቤቱ ጋር የተያያዘውን የታጠረ ቦታም ጨምሮ ነው፣ ስለዚ ጓሮ ጌሾው ስር የቆመ ሰው «ቤት መች ገባሁ» ቢላችሁ አያዋጣውም፣ ውጣ ተብሎ እምቢ ማለቱም ያው ጥፋት ነው።

ካብ ከመካባችሁ በፊት ጎረቤታችሁን ጥሩ፣ ሁለት ሶስት ሽማግሌ ባለበት ገመድ ወጥራችሁ ለኩ፣ ልኩን ከይዞታ ደብተሩ (ከተማ ከሆነ ከካርታው) ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ አንድ ድንጋይ እንዳታነሱ፣ መጀመሪያ ወረዳ መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ አስተካክሉ።

እኛ ይሄን አላደረግንም። ከጓሮ በኩል ያለው ጎረቤት ክረምት ካቡን በናደው ቁጥር መልሶ ሲክበው ትንሽ ትንሽ ወደኛ ያስገባዋል፣ አባዬ «ተዉት ጎረቤት ነው» ይላል፣ በመጨረሻ እናቴ የተከለችው ጌሾ ከነስሩ በሱ በኩል ቀረ። ስለዚ ካብ ሲናድ ማንም ሳይነካው በሞባይል ፎቶ አንሱት፣ የቤቱ ጥግ ወይ ትልቅ ዛፍ አብሮ ይግባ፣ አለዛ የማን ካብ እንደሆነ አይታወቅም።

ድንበር ተገፋ? ዱላ አታንሱ በናታችሁ። «ሁከት ይወገድልኝ» (ይዞታዬን የነካው ይልቀቅልኝ ማለት ነው) ብላችሁ ትከሳላችሁ፣ ግን በፍትሐ ብሔር ህጉ ቁጥር 1149 ከተገፋበት ቀን ጀምሮ ሁለት አመት ካለፈ ክሱ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚ ላይ ነው፣ ሽምግልናው ከፋሲካ ወደ መስከረም ሲቀጠር ጊዜው ያልቃል። ሽማግሌውም ይቀመጥ፣ እናንተ ግን ቀኑን ጻፉት።

መሬቱ የመንግስትና የህዝብ ነው፣ የናንተ ቤቱ፣ ካቡ፣ የተከላችሁት ዛፍ ነው፣ ስለዚ ጓሮ ቆርጦ መሸጥ የሚባል ነገር የለም፣ ገዢውም ለኪሳራ ይጋለጣል።

ፖሊስ ልፈትሽ ብሎ ቢመጣ የብርበራ ትዕዛዝ ጠይቁ። ወንጀለኛ እያባረረ ከገባ ወይም ህጉ በፈቀደው አስቸኳይ ምክንያት ካልሆነ ያስፈልገዋል። ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ምን ሊፈልጉ እንደመጡም ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ በሩ ላይ ቆማችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ ማንበብ የማይችል ካለ ልጅ ጠርቶ ያስነብብ።