አዲሱ ቨርዥን ወጣ ብላችሁ ላፕቶፕ አትቀይሩ

የምሠራው ቤቴ ውስጥ፣ ባለ 8 ጊጋ ራም አሮጌ ኮር አይ ፋይቭ ላፕቶፕ ላይ ነው። የሠርግ ዘፈንም መዝሙርም አቀናብርበታለሁ። «ማሽኔ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሩን አዲስ ቨርዥን አይችለውም፣ ልቀይር?» ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ ያላችሁን በደንብ ተጠቀሙበት እላለሁ።

ከባፈር ጀምሩ፤ ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማጫወቱ በፊት የሚያጠራቅምበት ጊዜያዊ ቦታ ነው። ኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ክራር ወይም ድምፅ ስትቀዱ 128 ሳምፕል (ጥቃቅን የድምፅ ቁራጮች) ይሁን። በ44.1 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 44,100 ሳምፕል) ባፈሩ ብቻውን የሚያመጣው መዘግየት 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠን) ላይ ስትደርሱ ግን 1024 አድርጉት። መዘግየቱ ወደ 23 ሚሊሰከንድ ይወጣል፤ በዚያ ሰዓት ማይክ ፊት የቆመ ሰው ስለሌለ ምንም አይጎዳችሁም። ፕሮሰሰሩ ግን እፎይ ይላል። ድምፅ ተቆራረጠብኝ ብለው ማሽን ሊሸጡ ከመጡ ልጆች ስንቱን በዚህች ቁጥር ብቻ መልሻለሁ! ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የድምፅ መዘግየትን የሚቀንሰውን አሲዮ ድራይቨር ተጠቀሙ። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የተባለው ማቀናበሪያ የራሱን ይዞ ይመጣል።

ስድስት ተቀባዮች ቀድታችሁ ስድስት ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት የሚሰጥ ኢፌክት) አትክፈቱ። አንድ ሴንድ (ብዙ ድምፆች የሚጋሩት የኢፌክት መስመር) ላይ አንድ ሪቨርብ አድርጉና ሁሉንም ወደዚያ ላኩ። እንዲያውም ተቀባዮቹ አንድ ክፍል ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። ያለቀለትን ሲንት (በሶፍትዌር የሚፈጠር የመሣሪያ ድምፅ) ወደ ዋቭ፣ ማለትም ወደ ተራ የድምፅ ፋይል ቀይሩና ድምፁን የሚፈጥረውን ፕለጊን አጥፉት፤ ኖታው የተመዘገበበትን ሚዲ ግን እንዳትሰርዙ። ቻርጀር ሰክታችሁ ሥሩ። ገንዘብ ካላችሁ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩ።

ወደ አፕዴቱ እንምጣ። ያልተረከበ ሥራ እጃችሁ ላይ እያለ አትንኩት፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ስትጭኑም አሮጌውን አታጥፉ፣ ጎን ለጎን ይቀመጡ። በአዲሱ ሴቭ ያደረጋችሁት ፕሮጀክት በአሮጌው ላይከፈት ስለሚችል ሁልጊዜ ኮፒው ላይ ሞክሩ።

አዲስ ቨርዥን ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ኤብልተን ላይቭ የተባለው ማቀናበሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 በ10ኛው ቨርዥን 32 ቢት የሚባለውን የቆየ አሠራር ሲተው ምክንያት ነበረው። 32 ቢት ከ4 ጊጋ በላይ ሜሞሪ አያይም፤ ትልልቅ የሳምፕል ላይብረሪ (የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች ስብስብ) ለሚጭን ሰው ያ ይጠባል። ለመልክና ለአኒሜሽን ሲባል ግን የሰው ማሽን ከጥቅም ውጭ መሆን የለበትም። ላፕቶፕ ለመግዛት ስንት ወር እንደሚጠራቀም ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ቢያስቡት ደስ ይለኛል። ይቻላል ደግሞ። ሪፐር የተባለውን ማቀናበሪያ እዩ፤ የዊንዶውስ መጫኛው 20 ሜጋባይት አይሞላም፣ ከሚክሰር እስከ ሚዲ ግን ሁሉም አለው። አሮጌ ማሽን ላይም ቀልጠፍ ብሎ ይሠራል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ 1024 ላይም ከተቆራረጠ፣ ያኔ ግዙ። ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም። ራም የሚጨመርበት መሆኑን አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ሪፐር ፍላሽ ላይ ስለሚጫን ይዛችሁት ሂዱ። በራሱ ኢፌክቶች የሠራችሁትን ከባድ ፕሮጀክት እዚያው ሱቁ ውስጥ ክፈቱ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆራረጥ ከተጫወተ ዋጋ ተነጋገሩ።