እንግሊዝኛው ሲያደናግር፦ ከንግድ ኢሜይል ሐሳቡን ማውጣት

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለ አንድ ማረፊያ ቤት የእንግዶችን ኢሜይል የምመልሰው እኔ ነኝ። ለከተራ ክፍል ተለምኖ በማይገኝበት ሰሞን አንድ ጀርመናዊ «አራት ሆነን ኢቨንቹዋሊ እንመጣለን» ብሎ ጻፈ። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ዞሮ ዞሮ» ነውና ሁለት ክፍል ይዤ ጠበቅኩ። ለካ በጀርመንኛ «ኢቨንቱዌል» ምናልባት ማለት ኖሯል። ክፍሎቹ ባዶ አደሩ።

ምልክት፦ ቃሉ የታወቀ፣ ነገሩ ግን አልገጥም ያለ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የጸሐፊው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። የተሰባበረ ሰዋስው ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚያስከፍለው ደህና የሚመስለው ዓረፍተ ነገር ነው። ከመዝገበ ቃላቱ በፊት የላኪውን አገር እዩ። ሕንዳዊ «ሪቨርት» ቢል መልስልኝ ማለቱ ነው፤ «ፕሪፖን» ቢል ቀኑ ይቅደም። ጀርመናዊ «አንቲል ፍራይደይ ክፈሉ» ሲል ዓርብ ሳያልፍ ማለቱ ነው፤ ለዚያ እንግሊዝኛው «ባይ» ይል ነበር፤ «አንቲል» እስከዚያ ቀን ለሚቀጥል ነገር ነው። በዚህ እኛም አንታማም፤ የአማርኛው «እስከ» ሁለቱንም ስለሚይዝ ያው ስህተት ከእጃችን ይወጣል።

ምልክት፦ ተከፍሏል ወይስ ሊከፈል ነው?

አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ወዳጄ ስልኩን ይዞ መጣ። ቻይናዊው ገዢ «ዊ ፔይ ዲፖዚት፣ ዩ ሎድ» ብሎታል። እሱ ደስ ብሎት መኪና ሊጠራ ነው። የቻይንኛ ግስ ለትናንትም ለነገም መልኩን አይቀይርም፤ ስለዚህ ከዚያች «ፔይ» ምንም አይታወቅም። «ገንዘቡ በየትኛው ቀን ተላከ?» ብለን ጻፍን። መልሱ «ኔክስት ዊክ» ሆነ። የባንክ ማረጋገጫ ሳይመጣ ኩንታሉ ከመጋዘን ባይወጣ ይሻላል።

ምልክት፦ ቁጥሩና ቀኑ ሲጣሉ

ጀርመንና ቱርክ ሺህን በነጥብ ይለያሉ፤ «1.500 ኪሎ» አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። 05/06 ለአሜሪካዊ ሜይ 6፣ ለእንግሊዛዊ ጁን 5 ነው። ወሩን በስሙ ጻፉ። የእኛን ሰዓትም አትርሱ፤ «3 ሰዓት ጠዋት» ለፈረንጅ ሌሊት ነው።

ስትጠይቁ «አልገባኝም» አትበሉ፤ ሰውየው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ይልከዋል። ሁለቱን ትርጉም አስቀምጡለት፦ «ለጃንዋሪ 18 ሁለት ክፍል ልያዝ፣ ወይስ ገና አልወሰናችሁም?» እሱ አንዱን ይመርጣል። እንግሊዝኛውን ግን አታርሙለት።