«ሕዝቡ እንዲህ አለ» ከማለታችን በፊት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። የቴሌግራም ፖል፣ ማለትም አባላቱ ምርጫቸውን የሚጫኑበት የአስተያየት መጠይቅ ነው። አንደኛው መስመር ስክሪኑን ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። «የድሬ ሕዝብ ተናገረ አቦ!» አለኝ። ስንት ሰው ነው የመለሰው ስለው ተመልሶ ስልኩን አየ። እሱን ልብ አላለውም ነበር።

እኔ ለተለያዩ ጥናቶች ታብሌት ይዤ በር ሳንኳኳ የከረምኩ ሰው ነኝ። ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከከዚራ እስከ መጋላ ዞሬያለሁ። ስለዚህ በመቶኛ የተጻፈ ነገር ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የተንኳኳው በር ነው። ያልተከፈተውም።

ብዙ ሰው ከመለሰ እውነት ነው ማለት

ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። ታሪኩም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጠይቅ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። መጽሔቱም በፕሬዚዳንት ምርጫው ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል ብሎ ጻፈ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። በዚያው ምርጫ የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጋለፕ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሰው ጠይቆ አሸናፊውን በትክክል ለይቷል።

መጽሔቱ ስሞቹን የሰበሰበው በብዛት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። በዚያ ላይ መጠይቁን ሞልቶ የሚመልሰው ጉዳዩ ያንገበገበው ሰው ነው።

ሻይ ጣፍጧል ለማለት ብርጭቆውን መጨረስ አያስፈልግም፤ አንድ ፉት ይበቃል። ግን ሳታማስለው ከጠጣህ ግማሹን ብትጨርስም መራራ ነው፤ ስኳሩ ታች ተኝቷል። የወዳጄ ፖል ያልተማሰለ ሻይ ነው። ኢንተርኔት ያለው፣ ያ ግሩፕ ውስጥ የገባ፣ በዚያ ሰዓት ስልኩን የከፈተና ለመጫን ያላቅማማ ሰው ብቻ ነው የተቆጠረው። ከፊራ አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ የለችበትም። ሁለት ሲም ያለው ልጅ ደግሞ ሁለቴ ሊኖርበት ይችላል።

የራስን በርጫ ሕዝብ ማድረግ

«የማውቀው ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።» ልክ ነው፤ የምታውቀው ሰው ነው።

የተሰጠው መልስ ሁሉ ከአንጀት ነው ብሎ መውሰድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ ጠዋት ነው፤ ድሬ ላይ በር የሚንኳኳው ሙቀቱ ሳይበረታ ነው። ቤቱ በናሙናው፣ ማለትም ለጥናቱ ከተመረጡት ቤቶች ውስጥ፣ ደርሶኝ ገባሁ። እናት ቡና እያፈሉ ናቸው። «ግባ ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። ከማን እንደመጣሁ፣ ስማቸው እንደማይጻፍ፣ ካልፈለጉ መተው እንደሚችሉ ነገርኳቸው። እሺ አሉ። አቦሉ እስኪጠጣ ብዙውን ጨረስን። ጤና ጣቢያው? «ጥሩ ነው።» መንገዱ? «ጥሩ ነው።» ውሃው? «እሱም ጥሩ ነው፤ ተመስገን።» ግድግዳው ሥር ባዶ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። እኔ ግን የምሞላው የሰማሁትን ነው። ሞላሁ።

ታብሌቱን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት ቶናውን ቀዱልኝ። ያኔ ነው የመጣው። «ይሄ ውሃ እኮ ከመጣ ስንት ቀን ሆነው ልጄ!»

«ታዲያ እማማ፣ አሁን ጥሩ ነው አላሉኝም?»

«እንዴ! ለቀበሌ እንደዚያ ይባላል?»

ከቀበሌ እንዳልመጣሁ ሁለቴ ነግሬያቸዋለሁ። መታወቂያ አንጠልጥሎ፣ ታብሌት ይዞ፣ የቤተሰብ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ግን ለእሳቸው ቀበሌ ነው፤ አለቀ። እንግዳ ማስቀየም ነውር ነው፤ ሹም ማስቀየም ደግሞ መዘዝ አለው። ይሉኝታና ፍርሃት አንድ ላይ ሲሆኑ መልሱ «ጥሩ ነው» ይሆናል። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

አፍሮባሮሜትር የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በአፍሪካ አገሮች የሚያጠናው ተቋም፣ መጠይቁ መጨረሻ ላይ «ለመሆኑ ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። ብልህ ጥያቄ ነው። መንግሥት ነው ያለውን ሰው መልስ ከሌላው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ይህን የመሰለ ማጣሪያ የሌለው ጥናት «ረክቻለሁ» የሚል ብዙ ሰው ሲያመጣ እኔ ጀሪካኖቹ ትዝ ይሉኛል።

ቋንቋም አለ። ድሬ ላይ አንድ ጊቢ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ይሰማል። ጠያቂው የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ከሆነ ልጅ ተጠርቶ ያስተረጉማል። እናት ሁለት ደቂቃ ታወራለች፤ ልጁ «ጥሩ አይደለም ትላለች» ይላል። ያ የማን አስተያየት ነው?

የአገሩን ቁጥር ለድሬ ወይም ለሐረር መስጠት

የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራችን የ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አገሪቱ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበራት፤ ድሬዳዋ 342 ሺህ ገደማ፣ ሐረሪ ክልል 183 ሺህ ገደማ። አሁን በመላ አገሪቱ 2400 ሰው የሚጠይቅ ጥናት አለ እንበል። በሕዝብ ብዛት ብቻ ብናከፋፍለው ለድሬ የሚደርሳት 11 ሰው ነው። ለሐረሪ 6። አንድ ምኒባስ እንኳ በቅጡ አይሞሉም። ለአገሩ 2400 ጥሩ ናሙና ነው። ከውስጡ 11 ሰው መዝዞ «ድሬዎች እንዲህ አሉ» ማለት ግን ቀልድ ነው። አንዳንድ ጥናቶች ለትናንሽ አካባቢዎች ሆን ብለው ኮታ ይጨምራሉ። ስለዚህ ከየአካባቢው ስንት ሰው እንደተጠየቀ መፈለግ ነው።

ቆጠራው ማርጀቱም ሌላ ጣጣ ነው። ናሙና የሚወጣው ከቆጠራ ነው። ሳቢያን ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋ የሚያውቅ ያውቃል።

በሁለት ነጥብ ልዩነት መጨፈር

1000 ሰው በአግባቡ ተመርጦ ቢጠየቅ የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነቱ ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደ 3 የመቶኛ ነጥብ ወደላይ፣ 3 ወደታች ነው። 400 ከሆነ 5 ይሆናል። ስለዚህ 1000 ሰው ተጠይቆ አንዱ 49 ሌላው 47 ቢያመጣ ማን እንደሚመራ አይታወቅም። ይሄ ህዳግ ደግሞ የዕጣውን ስህተት ብቻ ነው የሚለካው። የእማማን «ጥሩ ነው» አይለካም።

ጥያቄውን ሳያነቡ መልሱን ማጋራት

እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካ አንድ ሙከራ ታተመ። ለግማሹ ሰው «ዴሞክራሲን የሚቃወም ንግግር ሊፈቀድ ይገባል?» ተባለ፤ 62 በመቶው አይገባም አለ። ለግማሹ ደግሞ «ሊከለከል ይገባል?» ተባለ፤ ይከልከል ያለው 46 በመቶ ብቻ ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ቃሉ ብቻ ተለወጠ።

ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ጭራሽ ስለሌለ የሕግ ረቂቅ ጠየቁ። ከመላሾቹ ሲሶ ያህሉ አስተያየት ሰጠ! አልሳቅኩባቸውም። በር ላይ የቆመ ሰው ሲጠይቅህ «አላውቅም» ማለት ያሳፍራል።

ቀኑን አለማየት

እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ፣ ሌላው አጥኚ ሮፐር መስከረም ላይ፣ ጋለፕ ጥቅምት አጋማሽ ላይ መጠየቅ አቆሙ፤ ዱዊ ማሸነፉ አይቀርም ብለው። ትሩማን አሸነፈ።

አንዴ ስለሳቱ ሁሉም ውሸት ነው ማለት

ይሄኛው የተቃራኒው ሰፈር ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ምርጫ «ፖሎቹ ዋሹ» ተባለ። አገር አቀፎቹ ግን ብዙም አልራቁም፤ ክሊንተን በጠቅላላ ድምፅ በ2 ነጥብ ገደማ በልጣለች። የከፋው ስህተት በየግዛቱ የተሠሩት ላይ ነበር። አንዱ ምክንያት ኮሌጅ ያልጨረሱ መራጮች በናሙናው ውስጥ ማነሳቸው፣ ይሄም በስሌት አለመስተካከሉ ነው። አየህ፣ ስህተቱ የት እንዳለ ሊፈለግና ሊገኝ ይችላል። ለቴሌግራሙ ፖል እንዲህ ማድረግ አይቻልም፤ ማን እንደመለሰ የሚታወቅ ነገር የለም።

ቁጥሩ መስታወት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

ጥናቱ ሕዝቡን ያሳያል፤ ሕዝቡም ጥናቱን ያያል። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ኖኤለ ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳለችው፣ ብቻውን የቀረ የመሰለው ሰው ዝም ይላል። እሱ ዝም ሲል ሌላኛው ወገን ከቁጥሩ በላይ ገዝፎ ይታያል፤ ያን ያየ ደግሞ እሱም ዝም ይላል። በርጫ ላይ ያየነው ነገር ነው። ከዙሪያው ሁለቱ አጥብቀው ከተናገሩ የቀሩት ጀበና ያያሉ።

ፈረንሳይ ይህን ፈርታ እ.ኤ.አ. በ1977 ሕግ ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት ውጤት እንዳይታተም ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ክልከላው ወደ ዋዜማውና የምርጫው ቀን አጠረ። ፖለቲከኛ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አሸናፊ የሚመስል ሰው ጋ ገንዘብም፣ ካድሬም፣ ደጋፊም ይሄዳል። ለዚህ ነው የራሱን ፖል ራሱ የሚያሠራ ወገን ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ሲያስደስተው ብቻ ውጤቱን የሚያወጣው። የጠየቀውንና የከፈለውን ማወቅ እንደ ቁጥሩ ነው የሚቆጠረው።

አንድ የባጃጅ ልጅ ለገሐሬ አጠገብ ጥላ ሥር አግኝቼ፣ ቀጠሮ በያዝንለት ሰዓት መጠይቁን ጀመርን። ማንን እንደሚያምን የሚጠይቀው ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ሌሎቹ ምን አሉ?»

«መናገር አልችልም ወንድሜ።»

«አቦ፣ በመቶኛ ብቻ ንገረኝ።»

«አልችልም አልኩህ።»

ወደ መንገዱ አየ፤ ደንበኛ መጣ አልመጣ። «እንግዲያው አላውቅም በለው» አለኝ። «አላውቅም» የሚለውን ነካሁና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።