ኮከብ ከመደመራችሁ በፊት፦ የኦብዘርቬሽናል ጥናቶችን ጥራት እንዴት እንመዝን?

ኦብዘርቬሽናል ጥናት ማለት ተመራማሪው ማን ምን እንደሚወስድ ሳይመድብ ሰዎቹ ላይ የሆነውን ብቻ የሚመዘግብበት ጥናት ነው። ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በሥርዓት ሰብስቦ የሚመዝን ሥራ) ላይ የጥራት ግምገማው ጋ ሲደረስ ብዙ ሰው ቸኩሎ የኒውካስል ኦታዋን ስኬል (የእነዚህን ጥናቶች ጥራት በኮከብ የሚመዝን መጠይቅ) ይከፍትና ኮከብ ይደምራል፣ 7 እና ከዛ በላይ ያገኘውን "ጥሩ" ብሎ ያልፋል። እባካችሁ እንደዚህ አታድርጉ። ስኬሉ 8 ጥያቄ አለው፣ እስከ 9 ኮከብ ይሰጣል፦ 4ቱ ለተሳታፊ አመራረጥ፣ 2ቱ ለንጽጽር፣ 3ቱ ለውጤቱ (ለምሳሌ በሽታው) ወይም ለተጋላጭነቱ (ለምሳሌ ማጨስ) አለካክ። እንግዲህ ኮንፋውንደርን (ከተጋላጭነቱም ከውጤቱም ጋር ተያይዞ ንጽጽሩን የሚያዛባ ሌላ ነገር) ጭራሽ ያላስተካከለ ጥናት የንጽጽሩን 2 ኮከብ ብቻ አጥቶ 7 ይዞ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው!

ስለዚህ ወረቀቶቹን ሳትገልጡ በፊት ፕሮቶኮሉ (የሪቪው ዕቅዳችሁ) ላይ ዋና ዋና ኮንፋውንደሮችን ጻፉ። አልኮልና የሳንባ ካንሰርን እያያችሁ ከሆነ ሲጋራ የግድ ነው፣ የሚጠጣ ሰው ማጨሱም ስለሚበዛ። ከዛ እያንዳንዱ ጥናት እነዚህን ለካ ወይ፣ በደንብ ነው የለካው ወይስ "አጭሶ ያውቃል/አያውቅም" ብሎ ነው ያለፈው ብላችሁ ጠይቁ። ይሄ ነገር ቀላል አይደለም። ከማረጥ በኋላ የሚወሰድ ሆርሞን የልብ በሽታን ይቀንሳል ተብሎ በኦብዘርቬሽናል ጥናቶች ለዓመታት ሲታመን ቆይቶ አሜሪካ ውስጥ የተሰራ ትልቅ ራንደማይዝድ ትሪያል (ማን መድኃኒቱን እንደሚወስድ በዕጣ የሚለይበት ሙከራ) 2002 ላይ የኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን ክፍሉ ጉዳቱ ከጥቅሙ በልጦ ስለተገኘ ከጊዜው በፊት ቆመ። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ሆርሞኑን የሚወስዱት ሴቶች ድሮውንም በኑሮም በጤናም የተሻሉ መሆናቸው ነበር።

ጊዜውንም ተከታተሉ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ክትትሉ ከሆስፒታል ከወጡበት ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ መድኃኒቱን ከ3 ወር በኋላ የጀመረው ሰው ከመጀመሪያው ቀን "ተጠቃሚ" ከተባለ፣ እነዛን 3 ወራት መሞት አይችልም ነበር፣ ቢሞትማ ኖሮ ካልወሰዱት ጋር ነው የሚቆጠረው። መድኃኒቱ ምንም ባይሰራም ዕድሜ ያስረዘመ ይመስላል።

መሣሪያውን በጥናቱ ዓይነት ምረጡ። ለክሮስ ሴክሽናል (ተጋላጭነቱንና ውጤቱን በአንድ ጊዜ ለሚለካ ጥናት) የጄቢአይ (የጆአና ብሪግስ ተቋም) 8 ጥያቄ አለ፣ ዋናው ኒውካስል ኦታዋ የተሰራው ለኮሆርት (ሰዎችን በጊዜ ሂደት ለሚከታተል) እና ለኬዝ ኮንትሮል (የታመሙትን ካልታመሙት ጋር አነጻጽሮ ወደኋላ ለሚያይ) ጥናት ነው። የሕክምና ውጤት ከሆነ የምታዩት 2016 የወጣው ሮቢንስ አይ የሚባለው መገምገሚያ ይሻላል፣ 7 ዘርፍ አለው፣ አንዱ ዘርፍ ከባድ ችግር ካለበት የሌሎቹ ጥሩነት አያካክሰውም (ለዚህ ነው የምወደው)። ስትሮብን (የኦብዘርቬሽናል ጥናት አጻጻፍ መመሪያ) ግን ለዚህ አትጠቀሙ፣ 22ቱ ነጥቦች የሚያዩት ጥናቱ በደንብ መጻፉን እንጂ በደንብ መሠራቱን አይደለም።

ሁለት ሰው ለየብቻ ይገምግም፣ መጀመሪያ ጥቂት ወረቀት ላይ አብራችሁ ሞክሩና አረዳዳችሁን አስተካክሉ፣ ካልተስማማችሁ ሦስተኛ ሰው ይግባ። ለእያንዳንዱ ፍርድ ከወረቀቱ ምክንያቱንና ገጹን መዝግቡ። በመጨረሻ ግምገማውን ሠንጠረዥ ውስጥ ቀብራችሁ አትተዉት፣ ከባድ ችግር ያለባቸውን ጥናቶች አውጥታችሁ ሜታ አናሊሲሱን (የጥናቶቹን ውጤት አንድ ላይ የሚያጠቃልለውን ስሌት) እንደገና ሥሩና ግምቱ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ለአንባቢው አሳዩት።