በጎመን ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን እንዴት እንለካለን?

ጎመን ቫይታሚን ኤ አለው ይባላል። በትክክል ካወራን ቅጠሉ ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ነው፤ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ሰውነታችን ነው። የምንለካውም እሱኑ ነው። ቀለሙን ከቅጠሉ የምናወጣባቸው ፈሳሾች፣ አሴቶንና ፔትሮሊየም ኤተር (ከዚህ በኋላ «ኤተር» የምለው እሱን ነው)፣ እሳት በቀላሉ ስለሚይዛቸው ሥራው የላብራቶሪ እንጂ የማድ ቤት አይደለም።

መጀመሪያ ናሙናው። ከአንዲት ባለጉሊት አንድ እስር ገዝቶ «የጎመን ውጤት ይኸው» ማለት አያስኬድም። ከተለያዩ ሻጮች ግዙ። ለወጥ እንደምታዘጋጁት ወፍራሙን አገዳ አውጡ፣ እጠቡ፣ ውሃውን በጨርቅ አድርቁ። ቅጠሉ ላይ ውሃ ከተረፈ ክብደቱ ያሳስታል። ከትፋችሁ ቀላቅሉና 2 ግራም መዝኑ።

ከዚህ በኋላ ጠላታችሁ ብርሃንና ሙቀት ነው። መጋረጃውን ዝጉ፣ ዕቃውን በፎይል ሸፍኑ፣ ለነገ አታሳድሩ። ጠረጴዛ ላይ ያደረ ናሙና ቁጥሩ ቢያንስ ማሽኑን መውቀስ ዋጋ የለውም።

ቅጠሉን በሙቀጫ ከቀዝቃዛ አሴቶን ጋር ውቀጡና አጣሩ። ዝቃጩ ቀለም መስጠት እስኪያቆም ድገሙት። የተጣራውን፣ ከታች መክፈቻ ያለው መለያ ፈነል ውስጥ ካለ ፔትሮሊየም ኤተር ላይ ጨምሩ። ውሃ በብርጭቆው ግድግዳ በኩል ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። አትነቅንቁት! ከነቀነቃችሁት እንደ ተናጠ ወተት ደፍርሶ አልለይ ይላችኋል። አሴቶኑ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀለሙ ከላይ ኤተሩ ውስጥ ይቀራል። የታችኛውን አስወግዱ፤ ሦስት አራት ጊዜ በውሃ እጠቡና ቀሪውን እርጥበት በሶዲየም ሰልፌት አድርቁ።

አሁን የያዛችሁት ፈሳሽ አረንጓዴ ነው። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ እዚህ ይቸኩልና በቀጥታ ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካ መሣሪያ) ውስጥ ይከተዋል። ክሎሮፊልና ሉቲን የሚባሉት የቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ ቀለሞችም ቤታ ካሮቲን በሚውጥበት አካባቢ ብርሃን ስለሚውጡ ቁጥሩ ያለ አግባብ ያብጣል። ይልቅ ፈሳሹን ያለ ብዙ ሙቀት በቫኩም አሳንሱና አሉሚና (ቀለሞችን የሚለይ ነጭ ዱቄት) በተሞላ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አሳልፉት። ጥቂት አሴቶን ያለበት ኤተር ስታፈሱበት ብርቱካናማ ቀለበት ከአረንጓዴው ተነጥሎ ቀድሞ ሲወርድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ደስ የሚለው ይሄ ነው። እሱን ብቻ ተቀበሉ፣ አሴቶኑን በውሃ አጥባችሁ አውጡ፣ በኤተር 25 ሚሊ ሊትር አድርሱት።

መሣሪያውን በንጹህ ኤተር ዜሮ አድርጉና በ450 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ አንብቡ። ንባቡን በ25 እና በ10,000 አባዙ፤ ከዚያ 2592 በ2 ግራም ተባዝቶ ለሚገኘው አካፍሉ። 2592 ቤታ ካሮቲን በፔትሮሊየም ኤተር ውስጥ ብርሃን የመዋጥ አቅሙን የሚገልጽ ቋሚ ቁጥር ነው። ንባቡ 0.52 ቢሆን በግራም 25 ማይክሮግራም ገደማ ይወጣል፤ በ100 ግራም 2,500 ማለት ነው። 12 ማይክሮግራም ቤታ ካሮቲን እንደ 1 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ ስለሚቆጠር፣ ከ100 ግራም ጎመን የሚደርሳችሁ ቫይታሚን ኤ 208 ማይክሮግራም አካባቢ ነው።

ቫይታሚን ኢ እና ኬ በዚህ መንገድ አይለኩም፤ ኤችፒኤልሲ የሚባለውን፣ ውህዶችን በከፍተኛ ግፊት ለይቶ የሚለካ መሣሪያ ይፈልጋሉ። ክሎሮፊልን ለማጥፋት ብላችሁ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የምታፈሉ ከሆነ ደግሞ ለቫይታሚን ኬ ሌላ ናሙና ለዩ፤ እሱ እንደ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለ አልካሊ አይችልም።