ቡጋንቪላን ከቅርንጫፍ ማጽደቅ

አቦ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በእግሩ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ከግቢ አጥር ላይ ሐምራዊ ሆኖ መንገዱ ላይ የሚንዠረገገው ቡጋንቪላ ነው። ይሄን ለማግኘት ችግኝ መግዛት አያስፈልግም። ባለቤቱን አስፈቅዶ አንዳንድ ቅርንጫፍ መቁረጥ ይበቃል። ግን ከ5 ወይም ከ6 አታሳንሱ፣ ሁሉም አይጸድቅም።

ለጋው አረንጓዴ ጫፍ ይበሰብሳል፣ ያረጀው ወፍራም ግንድ ደግሞ ይዘገያል። የምትፈልጉት እርሳስ የሚያክለውን ነው፤ ቅርፊቱ ወደ ቡናማ መዞር የጀመረ፣ ሲያጎብጡት የሚለመጥ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይሁን። ታችኛውን ጫፍ ከአንጓው (ቅጠል ከሚወጣበት ቋጠሮ) ዝቅ ብሎ በሰያፍ፣ ላይኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ስሩ በብዛት የሚወጣው ከአንጓው አካባቢ ነው፤ ቀጡና ሰያፉ ደግሞ ላይና ታቹ እንዳይምታታባችሁ ነው፣ ምክንያቱም ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ሁለቱም ጫፍ አንድ ይመስላል። ከላይ ሁለት ቅጠል አስቀሩና ሌላውን አራግፉት። አበባ ካለበት ቀንጥሱት፣ ጉልበቱን ይጨርስበታል። (አበባ የምንለው ባለቀለሙ ነገር እንኳ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት።) እሾሁን ተጠንቀቁ።

አፈሩ ውሃ የሚይዝ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ግማሽ የታጠበ አሸዋ፣ ግማሽ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ለሁለት ቁረጡ፣ ታችኛውን ቂጡን ብሱት፣ ሙሉት፣ ከውጭ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሉት። መጀመሪያ በእንጨት ቀዳዳ አበጁ፣ ቅርፊቱ እንዳይላጥ። ሁለት አንጓ ያህል አስገቡና አፈሩን ጠቅጠቅ፣ ውሃ አጠጡ። ላይኛውን ግማሽ ክዳኑን አውልቃችሁ ድፉበት፤ እርጥበቱን ይይዛል፣ አየርም ያስገባል።

ከዚያ ጥላ። የድሬ ፀሐይ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ያንን ሃይላንድ ምድጃ ነው የሚያደርገው። እኔ ኒም ዛፍ ስር አስቀምጣለሁ። ውሃ በየቀኑ አይደለም፣ አፈሩ በጣት ሲነካ ሲደርቅ ብቻ።

አሁን ሁላችንም የምንሳሳትበት ቦታ። በሁለት ሦስት ሳምንት ቅጠል ያወጣል። ጸደቀ ብዬ የደስ ደስ ሳብ አድርጌ አየሁት፤ አንድ ክር ስር የለውም! ቅጠሉ የወጣው እንጨቱ ውስጥ በነበረው ስንቅ ነው። መልሼ ብሰካውም በሳምንቱ ደረቀ። ስለዚህ አትሳቡት። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቁና ፌስታሉን ገለጥ አድርጉ፣ ስሩ በሃይላንዱ ጎን ነጭ ክር ሆኖ ይታያል።

ስታዛውሩትም ጎትታችሁ አታውጡ። የቡጋንቪላ ስር ቶሎ ይበጠሳል። ሃይላንዱን በመቀስ ቀዳችሁ ከነአፈሩ አስቀምጡት። ፀሐይን ቀስ በቀስ አለማምዱት፤ ሲጠና ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ስጡትና ውሃውን ቀንሱ። ውሃ የጠገበ ቡጋንቪላ ቅጠል እንጂ አበባ አያሳይም።

ሐረር ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ቀዝቀዝ ስለሚል ሁለት ሦስት ሳምንት ጨምሩበት። ሌሊት ደግሞ ከበረንዳ ወደ ቤት አስገቡት።