«ይተኛ፣ አታድክሙት» ከማለታችሁ በፊት፦ የልብና የሳንባ ፊዚዮቴራፒ እንዴት ይሠራል?

ደብረ ብርሃን ላይ ለሚሠራ የልብና የሳንባ ፊዚዮቴራፒስት አንዳንዴ ከበሽታው ይልቅ የሚፈትነው የአስታማሚ ርኅራኄ ነው። ሰው ሲታመም ይተኛል። በጋቢ ይጠቀለላል፣ ከላይ ባና ይደረብበታል። ጠያቂ ይመጣና «አይዞህ፣ እንዳትነሳ» ብሎት ይሄዳል። ብርዱ እንደሆነ የታወቀ ነው፣ ማንም አይፈርድም። ሳንባ ግን በመተኛት አያርፍም። ሰው በጀርባው ተዘርግቶ ሲውል ሆዱ ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ላይ ይጫነዋል። ከጀርባ በኩል ያለው የሳንባ ክፍል በደንብ አየር አያገኝም። አክታ እዚያው ይተኛል፣ ቆይቶም ኢንፌክሽን ይጠራል። የእግር ጡንቻም በጥቂት ቀን ውስጥ መክሳት ይጀምራል።

እኛን ብዙ ሰው የሚያውቀን በወገብና በጉልበት ነው። «ወጌሻው መጣ» የሚልም አለ፣ «ማሳጅ የሚያደርገው» የሚልም አለ። ቅር አይለንም። በአይሲዩ (በጽኑ ሕሙማን ክፍል)፣ በቀዶ ሕክምና ዋርድና በውስጥ ደዌ ዋርድ የምንሠራው ግን ሌላ ነው። ሳንባ እንዲነፋ፣ አክታ እንዲወጣ፣ ልቡ የደከመ ሰው ደግሞ ተነስቶ እንዲሄድ እናደርጋለን። ሥራው ከአልጋ እስከ ቤት እንዴት እንደሚሄድ በቅደም ተከተል ላሳያችሁ። ሙያውን ለሚያስብ ሰውም፣ ሆስፒታል ሰው ለሚያስታምምም ይሆናል። በሽተኛውን ያየ ባለሙያ ሳይፈቅድ ግን እቤት አትሞክሩት።

1. መጀመሪያ ካርዱን ማንበብ

በሽተኛውን ከመንካት በፊት ካርዱ ይነበባል፣ ያደረችው ሲስተር ትጠየቃለች። ትኩሳት ነበረው? ግፊቱ ስንት ነው? ኦክስጅኑ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ዛሬ አዲስ የደረት ሕመም የጀመረው፣ ደም የሚያስለው፣ ግፊቱ የወረደ ወይም ተኝቶ እያለ ልቡ በጣም የሚመታ ሰው በዚያ ቀን እንቅስቃሴ አይሠራም። ሐኪሙ ይጠራል።

2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ከሆነ ደግሞ ቲቢ መሆን አለመሆኑ ሳይታወቅ በተዘጋ ክፍል «ሳል፣ ሳል» ማለት ሌላውን ሁሉ ማስያዝ ነው። ማስክ ይደረጋል፣ መስኮት ይከፈታል። በዚህ አገር ብርድ መስኮት መክፈት ራሱን የቻለ ትግል ነው። እኛ እንከፍታለን፣ ዞር ስንል አስታማሚ ይዘጋዋል።

2. ማየት፣ መቁጠር፣ ማዳመጥ

እጅ ሳያስገቡ ትንሽ ቆሞ ማየት ብዙ ይናገራል። ትከሻው በየትንፋሹ ወደ ላይ ይነሳል? የአንገቱ ጅማት ይወጠራል? አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ ይጨርሳል? ከዚያ ትንፋሹ ይቆጠራል፣ ሙሉ 1 ደቂቃ። እየቆጠርን እንደሆነ ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚቀይር የእጅ ምቱን የምንለካ እንመስላለን። ያረፈ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከዚያ መዳፍን ደረቱ ላይ ማሳረፍ ነው። አክታ ካለ ከእጅ ሥር ሲርገበገብ ይሰማል። በመጨረሻ በማዳመጫ፣ በተለይ ጀርባ ላይ ከታች በኩል።

ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚለካ ሰው ቁጥሩ ቆላ ሸዋ ሮቢት ላይ ከሚለካው ትንሽ ዝቅ ቢል አይገርምም። የቀዘቀዘ ጣትም መሣሪያውን ያሳስተዋል። እጁን አሙቁት፣ የጥፍር ቀለም ካለ አስለቅቁ፣ ከዚያ ለኩ። አስታማሚዎች ቁጥሩ ላይ ፈጠው ሲውሉ አያለሁ። ቁጥሩን ሐኪሙ ካርዱ ላይ ካዘዘው ልክና ከራሱ ከበሽተኛው ከትናንቱ ጋር አስተያዩት እንጂ ከጎን አልጋ ጋር አታወዳድሩት።

3. ሕመሙን ማስታገስ

ሆዱ ወይም ደረቱ የተከፈተ ሰው ካመመው በጥልቀት አይተነፍስም፣ አይስልም። «ያምዎታል?» ስትሉት «ምንም አልል፣ ተመስገን» ይላችኋል። የእኛ ሰው መቻል ይወዳል። ስለዚህ ጥያቄው ይለወጣል፦ «ሲያስሉ ከ0 እስከ 10 ስንት ያምዎታል?» ብዙ ከሆነ ሲስተሯ የታዘዘውን ማስታገሻ ትሰጠዋለች። የሚዋጥ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል እንጠብቃለን።

4. ማስቀመጥ

ከሁሉ ቀላሉም ከሁሉ አጨቃጫቂውም ይሄ ነው። ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ሆዳቸውን ተሠርተው በማግስቱ ላስቀምጣቸው ስል ባለቤታቸው ክንዴን ያዙ።

«ኧረ ተወው ልጄ፣ ትናንት የተቀደደ ሰው!»

«እማማ፣ ከተኙ አክታው ሳንባቸው ላይ ይቀራል።»

«ስፌቱስ ቢፈታ?»

«አይፈታም። እርስዎ ከጀርባቸው ይደግፉልኝ፣ አብረን እናስቀምጣቸው።»

ደገፉልኝ። ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብለው መቀመጣቸውን የሚቆጣጠሩት እሳቸው ሆኑ። አስታማሚን «ዞር በሉ» ከማለት ሥራ መስጠት ይሻላል። የሚነሳው አልጋ ካለ ራስጌው ከፍ ይደረጋል። ከሌለ የተጠቀለለ ባና ከጀርባ፣ ትንሽ ትራስ ከጉልበት ሥር። በሽተኛው ወደ ታች ተንሸራቶ አገጩ ደረቱ ላይ ከተጣጠፈ መቀመጥ አልተባለም፣ ወደ ላይ ይሳብ። አንድ ሳንባው ብቻ በኒሞኒያ የተያዘ አዋቂ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደህናው ጎን ከታች ሆኖ በጎኑ ሲተኛ ኦክስጅኑ ይሻሻላል። ለሕፃን ይሄ አይሠራም።

5. ትንፋሹን ማሠራት

ዙሩ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ትከሻን ጥሎ፣ እጅን ሆድ ላይ አሳርፎ ለጥቂት ጊዜ በዝግታ መተንፈስ። ሁለተኛ፣ 3 ወይም 4 ጊዜ በአፍንጫ በጥልቀት መሳብ። አየሩ ሲሞላ 3 ሰከንድ ይያዝና ሳይገፉ ይለቀቃል። ያቺ 3 ሰከንድ ናት አየር በተዘጋው ቦታ ዙሪያ ገብቶ አክታውን ከኋላው እንዲገፋ ጊዜ የምትሰጠው። ከዚያ እንደገና ዝግታ። ሦስተኛ፣ አፍን ከፍቶ መስታወት ለመወልወል እንደሚባለው «ሃ...» ብሎ በኃይል ማውጣት። ጉሮሮ መዘጋት የለበትም። አክታው ጥልቅ ከሆነ «ሃ» ረጅምና ዝግ ያለ ይሆናል። ወደ ላይ ሲመጣ አጭርና ፈጣን። አክታው ጉሮሮ አካባቢ ሲደርስ ብቻ ይሳላል።

ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ደጋግሞ ይስላል፣ ይደክመዋል፣ ምንም አይወጣለትም። ጥልቅ ትንፋሹንም ከ4 በላይ ካስኬዱት ራስ ያዞራል። በነቃበት ሰዓት በየ1 ወይም በየ2 ሰዓቱ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል። ይህን የሚያስታውሰው አስታማሚ ነው። እኔ በቀን አንዴ ሁለቴ ነው የማየው።

ሲስል ቁስሉ ይደገፍ። ጋቢ በትንሹ ይታጠፍና ስፌቱ ላይ ይደረጋል፣ በሽተኛው በሁለት እጁ አቅፎ ጫን ይለዋል። የወጣውን አክታ ክዳን ባለው ዕቃ ተፉበት፣ መልኩንም እዩ። ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ ንገሩን።

«ጀርባውን አትደበድበውም?» የምትለዋ ጥያቄ አትቀርም። ተራ ኒሞኒያ ለያዘው፣ አክታ ለሌለው አዋቂ መደብደብ ጥቅም የለውም። ያደክመዋል እንጂ። ብዙ አክታ ላለውና ራሱ ማውጣት ላቃተው እኛው መርጠን እንጠቀምበታለን።

6. የሃይላንድ ጠርሙሷ

ውድ የሳንባ ማሠልጠኛ ዕቃ ሁሌ አይገኝም። ንጹሕ ሃይላንድ ግን አለ። ውሃ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይሞላበታል፣ አፉ ክፍት ሆኖ ንጹሕ የፕላስቲክ ቱቦ እስከ ታች ይገባል። በሽተኛው በአፍንጫው ይስባል፣ በቱቦው ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ውሃው ይንቦጨቦጫል። የውሃው ግፊት ትንንሾቹ የአየር መንገዶች ቶሎ እንዳይከደኑ ይይዛቸዋል፣ አክታውም ይላቀቃል። 10 ጊዜ ያህል ነፍቶ ያርፋል፣ ከዚያ «ሃ» ይላል። በቱቦው መሳብ ፈጽሞ የለም። ውሃው በየቀኑ ይቀየራል፣ ጠርሙሱ በሳሙና ይታጠባል፣ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ደም ለሚያስለው ወይም ሳንባው ዙሪያ አየር ለገባበት ሰው ክልክል ነው። ስለዚህ እኛ ሳንፈቅድ አይጀመርም።

7. ማቆምና ማስኬድ

መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ እግር ወደ ታች። 1 ወይም 2 ደቂቃ ይቆይ። ካላዞረው ይቁም። ከቆመ ቦታው ላይ እግሩን ያንሳ። ከዚያ እስከ መስኮቱ፣ ከዚያ ኮሪደሩ። ሸርተቴ ጫማ አይደረግም። የደረት ቱቦ ያለው ሰው ቱቦው የሚፈስበት ጠርሙስ ሁልጊዜ ከደረቱ በታች መያዝ አለበት። ከፍ ካለ ፈሳሹ ወደ ደረት ሊመለስ ይችላል።

ልኩን ማወቂያው ወሬ ነው። እየሄደ ማውራት ከቻለ ደህና ነው። ትንፋሽ ማጠሩን ከ0 እስከ 10 ጠይቁት፣ 3 ወይም 4 ላይ ይቆይ። ደረቱን ካመመው፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ ዓይኑን ካጨለመው ወዲያው ይቀመጥና ሰው ይጠራ።

8. ልቡ የተሠራ ሰው

እኛ ጋ የሚመጡት የልብ ሕሙማን ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የቁርጥማት ትኩሳት ያመጣና የልብ በር ያበላሻል። ቀዶ ሕክምናውን አዲስ አበባ ተሠርተው ማገገሚያውን እዚህ የሚቀጥሉ አሉ።

ደረታቸው መሃል ላይ ተከፍቶ አጥንቱ በሽቦ ተጠምዷል። እስኪጠና ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሸከም፣ ልጅ ማዘል፣ ሊጥ ማቡካት አይታሰብም። ዘመድ በደግነት ብብታቸውን ይዞ ሲያነሳቸው ሳይ እጮሃለሁ። እንዲህ ነው የሚነሳው፦ ጉልበት ይታጠፋል፣ ሰውነት እንዳለ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ይዞራል፣ እግር ከአልጋ ይወርዳል፣ ክንድ ከጎን ሳይርቅ በክርን ተደግፎ ይነሳል። እናንተ ትከሻውን ከኋላ ደግፉ፣ በቃ። ክንድን በሙሉ አስሮ ማስቀመጥም ስህተት ነው። ሕመም እስካልመጣ ድረስ ትከሻው ይንቀሳቀስ፣ አለበለዚያ ይደርቃል።

ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ሌላ ጠበል ለመሄድ የሚያስብ ካለ ቁስሉ እስኪደርቅ ይጠብቅ። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ደግሞ ጠበል ላይም ሆኖ አንድ ቀን ማቋረጥ የለበትም። ሰው ሠራሽ የልብ በር ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። የታዘዘለት የፔኒሲሊን መርፌም ቀኑን አይለፍ።

9. ቤት ሲገባ

ልቡ የደከመ ሰው በየጠዋቱ ሸንቶ፣ ቁርስ ሳይበላ ይመዘን። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ፣ እግሩ ካበጠ ወይም ለመተኛት ትራስ መጨመር ካስፈለገው ቀጠሮ አይጠብቅ። ውሃ የሚጠጣውም ሐኪሙ ባዘዘለት ልክ ነው። አክታ ለወፈረበት የሳንባ ሕመምተኛ ግን ውሃ መጠጣት ይረዳዋል። ሁለቱ በሽታዎች ካንድ ቤት ከተገናኙ ምክራቸውን አታደባልቁት።

በደጋው መንዝ ማገዶው በብዛት ኩበት ነው። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ እናቶች ለዓመታት በሳቡት ጭስ ሳንባቸው ተጎድቶ ይመጣሉ። እሳቱ ደጅ ይያያዝና ጭሱ ሲያልፍ ይግባ፣ በር ይከፈት፣ ጋገራው ተቀምጦ ይሁን። ትንፋሽ ሲያጥር ቁጭ ብሎ ክርንን ጭን ላይ አሳርፎ ወደ ፊት ማዘንበል፣ በአፍንጫ ስቦ ከንፈርን አሞጥሙጦ በዝግታ ማውጣት። ዳገት ላይም ይኸው ነው፦ በ2 እርምጃ ይሳባል፣ በ4 ይወጣል፣ መሃል ላይ መቆምም ነውር የለውም። በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሜዳ ላይ ይጀመርና በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል።

ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የመጣን ሰው «በየሳምንቱ ተመላለስ» ማለት ጨዋታ ነው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት እንቅስቃሴው፣ መጠኑና ለምን ምልክት ቶሎ መመለስ እንዳለባችሁ በአማርኛ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ማንበብ የሚችል ልጅ እቤት ካለ ወረቀቱን ለሱ ስጡት። አያቱን ሰዓት እየቆጠረ ያሠራል።